ስልክ የዘጋንበት ቅዳሜና እሁድ

ውድ እንየው፣ የልጆቼ አባት፤

እንደምን ከረምክ ብዬ ብጠይቅህ መልሱን አልሰማውም፤ ስለዚህ የእኛን ልንገርህ። እኛ አለን። ከተለየኸን ሁለተኛው መኸር ገባ። ጤፉ እየታጨደ ነው፤ የበርበሬው ሽታ ከገበያው ተነስቶ እስከ ቤታችን ይደርሳል። ፍኖተ ሰላም ያው አንተ የምታውቃት ናት፤ አስፋልቱ ዳር ሁለት ሦስት ፎቅ ጨመረች እንጂ።

ብዙ ጊዜ ልጽፍልህ ተነስቼ ትቼዋለሁ። ለጎረቤቱ ሁሉ ማመልከቻ ስጽፍ የማይቸግረኝ መምህርት ላንተ ሲሆን እጄ ይያዛል። ዛሬ ግን ለማንም ያልተናገርኩት ነገር ደረቴ ላይ ተቀምጦ አላስተኛኝ ስላለ፣ ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ ብዬ ወረቀት አነሳሁ። ልጃችን ስመኝ ልትሄድብን ነበር። መንገድ ላይ ነው የደረስኩባት።

ከመጀመሪያው ልጀምርልህ።

የሬዲዮና የቴሌቪዥን መጠገኛ ሱቅህን የተከራየው ሰው አሁን ሞባይል ይሸጥበታል። ቤት ውስጥ ግን አንተ ያመጣሃቸው ሁለቱ ቴሌቪዥኖች እንዳሉ ናቸው፤ አንዱ ሳሎን፣ አንዱ ልጆቹ ክፍል። ጌትነት ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቦርሳውን ሳያወርድ ኳስ ይከፍታል። አሁን አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ድምፁ መጎርነን ጀምሯል። ስመኝ ስልኳን ይዛ አልጋዋ ላይ ትጠቀለላለች። እኔም ንጹሕ አይደለሁም፤ በአማርኛ የሚተረጎመውን የውጭ ድራማ አንዱን ስጨርስ ሌላውን እቀጥላለሁ። አንተ ከሄድክ በኋላ ምሽቱ አልገፋ ብሎኝ ነበር፣ እንየው። ድምፅ ያለበት ቤት የሞላ ይመስላል። እራት እንኳ ሦስታችንም በየጥጋችን ሳህናችንን ይዘን ነበር የምንበላው።

ስመኝ የዐሥረኛ ክፍል ፈተና ውጤቷ መሰናዶ አላስገባትም። ውጤቱን ያየን ዕለት «ምንም አይደለም ልጄ» አልኳት። እሷም «ምንም አይደለም እማ» አለችኝ። ነገሩ በዚያው ቀረ። ጓደኞቿ ደብተር ይዘው በበራችን ሲያልፉ መስኮቱን ትዘጋለች፤ እኔም አይቼ እንዳላየሁ እሆናለሁ። ከእሷ ጋር የወደቀችው ውባለም ብቻ ቀረቻት። ታውቃታለህ፤ ከመስጊዱ ማዶ የምትኖረዋ የልብስ ሰፊዋ ልጅ፣ ከትንሽነቷ ጀምሮ ቤታችን የምትውለዋ። ሁለቱ ሲገናኙ አንድ ስልክ ላይ አፍጥጠው ነው። ቤሩት የገባች የሰፈር ልጅ ፎቶ ትለጥፋለች፤ ነጭ ሶፋ፣ ባሕር ዳርቻ፣ የወርቅ ሀብል። እኔ የልጅነት ነገር ነው ብዬ ነበር።

በጥቅምት እናትህ ለዓይናቸው ሕክምና መጥተው እኛ ዘንድ ሰነበቱ። እማሆይ አርጅተዋል፤ ቆባቸው እንኳ የከበዳቸው ይመስላል። ስንሸኛቸው መናኸሪያው በር ላይ እጄን ያዙና፣ «ልጄ፣ ቤትሽ ሰው አለ። የሚያናግረኝ ግን ያ ሳጥን ብቻ ነው፤ እሱም ስመልስለት አይሰማኝ» አሉኝ። እየሳቁ ነው ያሉት። የእናትህን ሳቅ ታውቀዋለህ፤ ከኋላው ሌላ ነገር አለ። እኔ ግን ቤት እስክገባ ፊቴ ይቃጠል ነበር።

በዚህ የተነሳ ነው አንድ ቅዳሜና እሁድ እናትህ ዘንድ እንዋል ያልኩት። ቴሌቪዥን የለም፤ ስልክም ይዘን አንሄድም። የሦስታችንንም ስልክ አጥፍቼ ቁም ሳጥን ውስጥ ልቆልፍ፣ ቁልፉንም ከማተቤ ጋር ላስር ወሰንኩ። ቅዳሜ የመምህራን ስብሰባ ነበረብን፤ የአንድ ለአምስት ጠርናፊያችንን «ሐዘን አለብኝ» ብዬ አስፈቀድኩ። ውሸትም አልነበረም።

ዓርብ ከሰዓት ስነግራቸው ጌትነት ጨዋታ ያመልጠኛል ብሎ አለቀሰ፤ ቆይቶ ግን የእማሆይን ውሻ አስታውሶ ተጽናና። ስመኝ ግን ፊቷ ነጣ። «እኔ አልሄድም» አለች። ትሄጃለሽ አልኳት። «እሺ ስልኬን ልያዝ። አላወራበትም፤ ልያዘው ብቻ።» አይሆንም አልኳት። «ምን አድርጌ ነው? እስረኛ ነኝ?» ብላ ጮኸች። በሕይወቷ እንዲያ ጮኻብኝ አታውቅም። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እማ፣ አንድ መልእክት ብቻ ልላክ» ብላ ለመነችኝ። ለማን ብላት ዝም አለች። እኔም ዝምታዋ አናደደኝና ስልኩን ከእጇ ተቀብዬ አጠፋሁት። ስጠብቀው የነበረው ለቅሶ አልመጣም። ገብታ ልብሷን መሸከፍ ጀመረች። ጩኸቷን እችለው ነበር፤ ያስፈራኝ እሱ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት በቡሬ መንገድ ሄደን፣ ከአስፋልቱ ወርደን ያንን የምታውቀውን ዳገት በእግር ወጣን። የስመኝ ሻንጣ ለአንድ አዳር የሚሆን አልነበረም። ላግዝሽ ብላት ወደ ሌላኛው ትከሻዋ አዞረችው። ወፍራም ሹራቧ ጫፉ በዚፑ በኩል ይታያል። «እዚያ ይበርዳል» አለችኝ ሳልጠይቃት።

እማሆይ ግቢያቸው ውስጥ በርበሬ አስጥተው ጠበቁን። ቅዳሜ በመሆኑ የእርሻ ሥራ የለም፤ በርበሬውን ከበን ተቀምጠን ጭራውን መቀንጠስ ጀመርን። እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ይፈታል፤ እናትህም ያንተን የልጅነት ነገር አነሱ። የደብሩን ደወል ፈትቼ ልይ ብለህ ካህናቱ ያባረሩህን ነገሩን። አንተ ነግረኸኝ አታውቅም! ጌትነት በሳቅ ተንፈራፈረ። ስመኝም ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሐል ላይ ተቆረጠና ዓይኗ ወደ መንገዱ ሄደ።

«ስንት ሰዓት ሆነ?» አለች።

ሰዓት ያለው ሰው አልነበረም፤ ሁላችንም ሰዓት የምናየው ስልክ ላይ ነው። እማሆይ የግንቡን ጥላ አይተው ገመቱላት። ጥቂት ቆይታ ደግማ ጠየቀች። ከምሳ በኋላም ጠየቀች። እጇ ሳታውቀው ወደ ቀሚሷ ኪስ ይሄዳል፤ ባዶ መሆኑን ሲያገኝ ይመለሳል። ውኃ ልቅዳ ብላ ወደ ምንጩ ወረደችና እስክንጨነቅ ቆየች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። «በርበሬ ነው» አለች። በበርበሬ መሐል ለተቀመጠ ሰው ምን ትለዋለህ? የሁላችንም ዓይን ቀልቶ ነበር።

እኔ የወንድ ጓደኛ ይዛ ነው ብዬ ነበር ያሰብኩት። እሱም አሳስቦኝ ነበር። ብትኖር ኖሮ አንተ በቀልድ አዋዝተህ ታወጣጣት ነበር፤ እኔ ዘዴው የለኝም። እንደ ተማሪ ነው የምጠይቃት፤ እሷም እንደ ተማሪ ነው የምትመልስልኝ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ስመኝ ውኃ አሙቃ የእማሆይን እግር አጠበች። አጥባ ስትጨርስ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች፤ ረጅም አሳሳም። እኔ ደስ አለኝ፤ አንድ ቀን ያለ ስልክ ብንውል ልጄ ተመለሰችልኝ አልኩ። እማሆይ ግን እሷ የጎድጓዳ ሳህኑን ውኃ ልትደፋ ስትወጣ ወደ እኔ ዞረው፣ «እንዲህ አድርጎ የሚስም መንገደኛ ነው» አሉ። ምን ማለትዎ ነው ብላቸው፣ «እኔ ምን አውቃለሁ፤ ዓይኔም ደክሟል» ብለው ተዉት። የእናትህ አነጋገር ፊት ለፊት አይመጣም። እኔም አልተከተልኩትም።

እሁድ ሁላችንም ለቅዳሴ ተነሳን። ስመኝ ራሴን አሞኛል ብላ ተኛች። ግንባሯን ዳሰስኩት፤ ትኩሳት የለም። ትተናት ሄድን።

ከሴቶቹ ጋር ቆሜ ነበር። ቅዳሴው ገና አልተጋመሰም። ከአጠገቤ አንዲት ወጣት ከመቅደሱ ፊት ሰግዳ ስትነሳ መሬቱን ሳመች፤ በዚያች ቅጽበት የእናትህ ነገር ድንገት ገባኝ። እንዲህ አድርጎ የሚስም መንገደኛ ነው። ሻንጣው፣ ሹራቡ፣ ስንት ሰዓት ነው፣ አንድ መልእክት ብቻ። ጌትነትን ከእማሆይ ጎን ትቼ ለማንም ሳልናገር ወጣሁ። ሰው አቋርጬ ስወጣ ዓይን ሁሉ ተከተለኝ፤ ግድ አልሰጠኝም።

ቤቱ ባዶ ነበር። አልጋዋ ተነጥፏል። ሻንጣው የለም።

ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። ነጠላዬ እሾህ ላይ ቀረ። ስሟን ልጠራ አፌን ስከፍት ድምፅ አልወጣም። የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ደውዬ የት ነሽ ልላት አልችልም። ስልኬ ፍኖተ ሰላም ተቆልፎበታል፣ የእሷም አጠገቡ ነው፣ ቁልፉ አንገቴ ላይ ይንገላታል። በገዛ እጄ ነው ያደረግኩት፣ እንየው። ልጄን ላገኛት ብዬ የዘጋሁት በር በእሷ ላይ ተዘግቶ ቢቀርስ?

አስፋልቱ ዳር ቆማ አገኘኋት።

ብቻዋን ነበረች። ሻንጣዋን እግሯ ሥር አስቀምጣ፣ ፊቷን በሻርፕ ሸፍና ወደ ፍኖተ ሰላም አቅጣጫ ታያለች። እሁድ ጠዋት ስለሆነ መኪና ጠፍቶባት ነው። ስታየኝ አልሸሸችም። እኔም አልጮህኩም፤ ትንፋሽም አልነበረኝ። አጠገቧ ድንጋይ ላይ ዘፍ አልኩ።

«የት ነው?» አልኳት።

«ቡሬ» አለች። ከዚያ ደግሞ፣ «ቤሩት» አለች።

ያኔ ሁሉንም ነገረችኝ። ውባለም በስልክ የተዋወቀችው ደላላ አለ። እሁድ ከቡሬ መናኸሪያ ይዟቸው ይወጣል፤ ከዚያ መተማ፣ ከዚያ ሱዳን፣ ከዚያ ወዲያ እሱ ያውቃል። ቅዳሜ ደውሎ የመኪናውን ሁኔታ ሊነግራት ነበር። እናትህ ዘንድ መምጣታችን አቋረጠባት፤ እሷ ግን ከዚህ ወደ ቡሬ መንገዱ ይቀርባል ብላ ሻንጣዋን እንዳለ ይዛ መጣች።

«መቼ ልትነግሪኝ ነበር?» አልኳት።

«ስደርስ» አለች። «በስልክ።»

እንየው፣ ስትሞት ካለቀስኩት ሌላ እንደዚያ የወጋኝ ነገር የለም። እዚያው ቤት፣ እዚያው ሳሎን ውስጥ ተቀምጠን ልጄ ልታናግረኝ የምትችለው ስትርቀኝ ብቻ ነው። «እዚህ ምን አለኝ እማ?» አለችኝ። «ወድቄ ቤት ውስጥ መቀመጤን አንቺም ማየት አትፈልጊም። አንድ ቀን እንኳ ምን ታስቢያለሽ ብለሽ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?» ይዤ ብጎትታት ሰኞ ትሄዳለች። ብማታት ዛሬውኑ ትሄዳለች። እጇን ብቻ ያዝኩ። እጇ በርበሬ በርበሬ ይሸት ነበር።

በዚህ መሐል ሚኒባስ መጥቶ ቆመ። ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ «ቡሬ! ቡሬ! ሁለት ሰው!» ይላል። ስመኝ ተነሳች። እኔም ተነሳሁ። እጄን ብለቃት ትገባለች፤ አየሁት። ያኔ ስለ ውባለም አሰብኩ።

«ውባለም የት ናት?»

«መናኸሪያ። ትጠብቀኛለች።»

«ግቢ» አልኳት። «አብረን እንሄዳለን። እሷንም ጥለናት አንመለስም።»

ስመኝ አተኩራ አየችኝ። ልሸኛት ይሁን ልመልሳት አልገባትም። እውነቱን ልንገርህና በዚያች ደቂቃ ለእኔም አልለየልኝም። ገባን። እስከ ቡሬ ድረስ እጇን አልለቀቅኩም፣ እሷም አላስለቀቀችኝም። ልክ ከተማው ሲታይ ቀስ ብላ፣ «ሄዳ ይሆናል» አለች። ድምፅዋ የፈራ ልጅ ድምፅ ነበር። «ስልኬ ቢኖር ጠብቂኝ እላት ነበር፤ ወይም አትሂጂ እላት ነበር።»

መናኸሪያው በሰው ተጨናንቆ ነበር። አንዱን መኪና ከአንዱ እየዞርን በመስኮት አየን። ውባለም ጥግ ላይ በቆመ ሚኒባስ ውስጥ ከሌሎች ሁለት ልጆች ጋር ተቀምጣለች። በሩ ላይ ጥሩ ጃኬት የለበሰ ጎልማሳ ተደግፎ ስልኩን ይነካካል። ስመኝን ሲያይ፣ «ኧረ እህቴ! ከትናንት ጀምሮ ስልክሽ ዝግ ነው፤ ላንቺ ስንል መኪና አስቆምን» ብሎ ፈገግ አለ። ጠብቀዋት ነው። የእሷ ስልክ ዝግ ስለሆነበት፣ አንድ ሰው እንዳይጎድልበት ብሎ ጠዋት መውጣት የነበረበትን መኪና አቆይቶታል።

«ውባለም፣ ውረጂ ልጄ» አልኳት።

«አልወርድም እትዬ» አለችኝ። ሰውዬው በትሕትና፣ «እናቴ፣ ልጆቹ ፈቅደው ነው። ይልቅ መርቀው ይሸኟቸው» አለና በሩን ሊዘጋ እጁን ዘረጋ። ሹፌሩ ሞተር አስነሳ።

ያኔ ስመኝ እጄን ለቀቀች። እየሮጠች ሄዳ በሩ መሐል ገብታ ቆመች፤ ፊቷን ግን ወደ ውስጥ አድርጋ። «ውቤ፣ እኔ አልሄድም። ብቻሽን አትሂጂ» አለች። ሰውዬው ትከሻዋን ይዞ ገፋት። የእኔ ድምፅ የመጣው ያኔ ነው። ትምህርት ቤት ከኋላ ረድፍ የማይሰማው ድምፄ መናኸሪያውን አናወጠው። ኡኡ አልኩ። «ልጆቻችንን ሊወስድ ነው!» አልኩ። ዕቃ ጫኞቹ መጡ፣ ትኬት ቆራጩ መጣ፣ ከጎን መኪና የነበሩ እናቶች ወረዱ። ሰው ሲከብብ ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ሰውዬው ስልክ የሚያነጋግር መስሎ ጆሮው ላይ ለጥፎ በሰው መሐል ሾልኮ ጠፋ።

ሁለቱን ልጆች ከጎን መኪና የወረዱት እናቶች አወረዷቸው፤ ውባለምም ወረደች። ወርዳ ግን ስመኝን በጥፊ መታቻት። «ያቃጠርሽብኝ አንቺ ነሽ» አለቻት። ስመኝ ጉንጯን ይዛ ቆመች።

ሦስታችንም ወደ እናትህ ቤት ተመለስን። እማሆይ ጌትነትን እጁን ይዘው በር ላይ ቆመው ነበር። ማንንም ምንም አልጠየቁም። ለውባለም ፊቷን አስታጥበው፣ «የኔ ልጅ ጓደኛ ይዛ መጣች» አሉና ምሳ አቀረቡ። ውባለም መጀመሪያ አልበላም አለች፤ ኋላ እያለቀሰች በላች። በዚያ ምሳ ላይ ብዙ አልተወራም። ሁላችንም ግን አንድ ገበታ ከበን ነበር።

ከሰዓት ከተማ ስንገባ ውባለምን ለእናቷ አስረከብኳት። ቤት ስደርስ ቁም ሳጥኑን ከፍቼ ለሁለቱም የየራሳቸውን ስልክ ሰጠሁ። ባማክር ኖሮ እንዳትሰጫት የሚለኝ ሰው ብዙ ነበር፤ ግን ነጥቄ ስንት ዓመት እይዘዋለሁ? ስመኝ አጠገቤ ቁጭ ብላ ከፈተችው። መልእክቱ ተንጫጫ፤ ወዲያው ስልኩ ጠራ። ሰውዬው ነው። ፊቴን አየችኝ። ተቀበዪኝ የምትል መስሎኝ እጄን ስዘረጋ ራሷ አነሳችው። «አልመጣም። ሁለተኛ እንዳትደውል» አለች። ስልኩንም ዘጋችው።

ሁሉም ነገር ተስተካክሏል ብዬ አልዋሽህም። ውባለም እስከ ዛሬ ስመኝን አታናግራትም። ስመኝ በየሳምንቱ ትሄዳለች፤ እናቷ ወንበር ትሰጣታለች፣ ውባለም ጓዳ ትገባለች፣ ስመኝ ጥቂት ተቀምጣ ትመለሳለች። ስለ ቴክኒክና ሙያ ምዝገባ ከስመኝ ጋር እያወራን ነው፤ ምን እንደምትማር ገና አልወሰነችም። ባለፈው ደግሞ፣ «እማ፣ የመሄድ ሐሳብ ከልቤ አልወጣም። ደግሞ ከመጣብኝ ግን እዚሁ ፊትሽ ቁጭ ብዬ እነግርሻለሁ» አለችኝ። እሺ አልኳት። ከዚህ የተሻለ ቃል ልቀበላት አልችልም። በሩ ሲጢጥ ባለ ቁጥር ግን አሁንም እደነግጣለሁ፤ ስልኬንም ከእንግዲህ አጥፍቼ ከቤት አልወጣም።

ቴሌቪዥኑ አለ። ጌትነት ኳሱን፣ እኔም ድራማዬን እናያለን። እራት ሲቀርብ ግን ይጠፋል፤ ስልኮቹም ሌላ ክፍል ያድራሉ። መጀመሪያ ዝምታው ከባድ ነበር። ማንኪያ እንኳ ሲነካ ይሰማል። ያ ዝምታ ያንተ ቦታ እንደሆነ ሦስታችንም እናውቃለን፤ ስንሸሸው የከረምነውም እሱን ነበር። አሁን አንዳንዴ ስመኝ ትጀምራለች፤ አንዳንዴ እኔ።

ትናንት ጌትነት ጎርሶ እያኘከ፣ «አባዬ ሲስቅ እንዴት ነበር? ጠፋብኝ» አለኝ። እህቱ ደንግጣ አየችኝ። በቃላት ልነግረው ሞከርኩ፤ አልሆነም። ስለዚህ ሳቅኩለት። መጀመሪያ ትከሻ ብቻ የሚንቀጠቀጥበትን፣ ትንፋሽህ ያለቀ እስኪመስል ድምፅ የማይወጣበትን፣ ከዚያ ድንገት እንደ ፉጨት ቀጥኖ የሚፈነዳውን ሳቅህን ሳቅኩለት። ጌትነት አፉን ከፍቶ ቀረ። ስመኝ፣ «እሱ ነው! ራሱ ነው!» ብላ ጮኸችና እሷም ሞከረችው። ከእኔ ይልቅ እሷ ትመስልሃለች። ጌትነት ቢሞክረው ትን አለው።

እንየው፣ ይህን ቃል ከእኔ ያዝ። መልክህን ፎቶ ይጠብቀዋል፤ ሳቅህን ግን እኔ ነኝ የምጠብቀው። ሲደክመኝም እስቀዋለሁ፤ አርጅቼ ትንፋሽ ሲያጥረኝም እስቀዋለሁ። ልጆችህ አጥርተው እስኪችሉት ድረስ በዚህች ገበታ ላይ አይጠፋም።

ያንተው፣
ይታይሽ